ከታች የሚቆረጠው መስመር

ሰኞ 2

ይህን ደብተር የገዛሁት ነጌ ስላዘዘኝ ነው። ነጌ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። «ነገ እመጣለሁ» ማለት ስለሚያበዛ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፤ እሱም አይከፋውም፣ ስልክ ሲያነሳ ራሱ «አቤት፣ ነጌ ነኝ» ይላል። ዛሬ ግን ባለው ሰዓት መጣ። ለልጄ ብሎ ይሆናል፤ ደንበኛው ነበረች።

«እማማ፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገውን በየቀኑ ይጻፉልኝ» አለኝ። «ምን ነክተው ምን እንደሆነ። ሐኪምም ቢሆን የት እንደሚያምዎት ሳይነግሩት ምን ያውቃል?»

እሺ አልኩት። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። ቢሆንም አሁን ጊዜ አለኝ።

እንግዲህ የሚያመው ይህ ነው። ልጄ ከቤታችን ኋለኛ ክፍል ተቀምጣ ገጽ ታቀናብር ነበር፤ የሰርግ ጥሪ፣ የምረቃ መጽሔት፣ አንዳንዴ መጽሐፍ። የመጨረሻ ሥራዋ የማታ ትምህርት ቤት መምህርቷ ያዘዘቻት የንባብ መጽሐፍ ነው፤ ካደጉ በኋላ ፊደል ለሚቆጥሩ ሰዎች። ጽሑፉ የመምህርቷ ነው፤ ሥዕሉና የገጹ አቀማመጥ የልጄ። መጀመሪያ በረጅም ወረቀት ታስቦ ነበር። ኋላ መምህርቷ «በአጭሩ ወረቀት ይሁን፣ ከሥራ ለሚመጣ ሰው በኪስ ይያዛል» አለች። ልጄ ወረቀቱን አሳጠረችው። ነገር ግን ወረቀቱ ስላጠረ ጽሑፉ አብሮ አያጥርም፤ በየገጹ ገብቶ ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። ያ ካልተደረገ ሲታተም የእያንዳንዱ ገጽ የታችኛው መስመር ይቆረጣል።

ይህን ይዛ ሳለች ታመመች። ሆስፒታል ገባች፤ አልተመለሰችም። ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

መጽሐፉን እኔ እጨርሰዋለሁ ብያለሁ። መምህርቷ እስከ ሃያ አምስት ድረስ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ካለፈ ትምህርቱ ስለሚከፈት ለሌላ ሰው ሰጥታ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ታሠራዋለች። የልጄ ገጽ ይቀራል ማለት ነው።

አይቀርም።


ማክሰኞ 3

ከገጽ አንድ እስከ ስድስት ተስተካክሏል።

ከባድ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ጽሑፉ ያለው በሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑን በማውስ ይይዙታል፣ ወደ ላይ ገፋ ያደርጉታል። ያኔ ሥዕሉ ላይ ይወጣል። ሥዕሉን ትንሽ ያሳንሱታል። ያኔ ደግሞ ርዕሱ ይጠብበዋል። አንዱን ሲነኩት ሌላው ያኮርፋል። እንደ ጠባብ ቤት ነው፤ አልጋው ካልተገፋ ቁም ሳጥኑ አይገባም።

ይህን ያወቅሁት ከልጄ አጠገብ ተቀምጬ ካልሲ ስጠቅም ነው። ያኔ እያየሁ አልመሰለኝም ነበር።

ስድስቱን ገጽ በቤታችን ፕሪንተር አተምኳቸው። የታችኛው መስመር ወጣ። የገጽ ሦስት የመጨረሻ መስመር «ሴትዮዋ በሩን ከፈተች» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ፕሮግራሙን ስዘጋው ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ሲዘጋ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ። አይ አልኩት። ወረቀቱ በእጄ ነው።


ሐሙስ 5

ቸኩያለሁ። ገጽ ሰባት እስከ አሥር አተምኩ። ፕሪንተሩ በጽሑፉ መሐል ነጭ መስመር እየሰነጠቀ አስቸገረኝ፤ ራሱን እንዲያጥብ አዘዝኩት፣ ተንገራገረ፣ አጠበ፣ ተሻለው። ቀለሙ እየሳሳ ነው።

ባሌ ከሥራ ሲገባ ከኮሪደሩ ሆኖ «ስንት ደረስሽ?» አለ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ስንት እንደተደረሰ ነው። አሥር አልኩት። ወደ ክፍሉ አልገባም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አይገባም።


ዓርብ 6

መምህርቷ መጥታ ወረቀቶቹን አየች። ጎበዝ ሴት ናት፤ መጀመሪያ አመሰገነችኝ፣ ቀጥላ ዓይኗን አጠበበች።

«እትዬ፣ ሥዕሎቹ ምነው ጭጋግ ለበሱ? ይቺ ድመት ናት ወይስ ጆንያ?»

ድመት ናት። ልጄ ስትስላት አይቻለሁ፤ የጢሟ ዘለላ ሳይቀር ይቆጠር ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን እውነትም ጆንያ ትመስላለች።

«አይዞሽ፣ ይስተካከላል» አልኳት። እሷ ልትለኝ የሚገባውን እኔ አልኳት።

ታናሽ እህቴም እዚህ ነበረች። መምህርቷን እስከ በር ስትሸኝ «ሰው በልጁ ሐዘን ኮምፒውተር ይጎረጉራል? ባክሽ ለሌላ ሰው ስጪውና ትረፍ» ስትላት ሰማሁ። የሰማሁ አልመሰላትም። ተመልሳ «ሻይ ላፍላልሽ?» አለችኝ። አፍይልኝ አልኳት።


ሰኞ 9

ነጌ መጣ። ሥዕሎቹን አየና ወዲያው ገባው። ሥዕሉ በመጽሐፉ ፋይል ውስጥ የለም አለኝ፤ እዚያ ያለው ጥላው ብቻ ነው። ዋናው ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ፕሮግራሙ ሲያትም ወደዚያ ሄዶ ያመጣዋል፤ ሲሄድ ካጣው ግን ጥላውን ያትማል።

«ሥዕሎቹን የምታስቀምጥበት ፍላሽ ነበራት፤ ቀዩዋ። የት አለች እማማ?»

አላውቅም አልኩት። እፈልጋለሁ።

ይህን ብሎ ቢሄድ ደግ ነበር። ገጽ ሦስትን አየው። ከዚያ ያተምኩትን ወረቀት አየ። እንደገና ኮምፒውተሩን።

«እንዴ! ይሄ ወረቀቱ ላይ ተስተካክሏል። እዚህ ግን ቆርጦታል።»

ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ።

«ገጽ አምስትም እንደዚሁ! ሠርተውት ነበር አይደል?»

«ሠርቼው ነበር።»

ራሱን አከከ። «ይሄ ቫይረስ ነው» አለ። «ማታ እየተነሳ የሠሩትን የሚበላ። ወደ ሱቅ ወስጄ ፎርማት ባደርገው ነው የሚሻለው። ሙልጭ አድርገን አጥበን...»

«አይታጠብም» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለብኝ መሰለኝ፤ ባሌ ከወዲያ «ምንድን ነው?» አለ።

«እሺ እማማ፣ እሺ። ሌላ መላ እናስባለን። ነገ...» ካለ በኋላ ራሱ ሳቀ።

ሰውየውን አስለፋሁት። ቫይረስ አይደለም። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እዚህ ላይ መጻፍም ደስ አይለኝም።


ረቡዕ 11

ፍላሿ ተገኘች። በሰማያዊ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነበረች። ጃኬቱ በቁም ሳጥኑ ተሰቅሏል። አብሮ የአውቶቡስ ቲኬትና ግማሽ ማስቲካ ነበር።

ዛሬ ሌላ ነገር አልሠራሁም።


ሐሙስ 12

ፍላሿን ሰካኋት። ምንም ሳልነካ ሥዕሎቹ በየገጻቸው ነቁ። ድመቷ ጢም አወጣች። ብቻዬን ሳቅሁ።

ገጽ አንድ እስከ አሥርን እንደገና አስተካክዬ እንደገና አተምኩ። አሁን እጄ ለምዶታል፤ በፊት ቀናት የፈጀብኝን ከምሳ በፊት ጨረስኩት።

ጠዋት ጠዋት ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት ከስሙ ጎን ያለውን አያለሁ። መጨረሻ የተነካበት ቀንና ሰዓት እዚያ ተጽፏል። ቀኑ፣ ሾርባ ይዤላት ስገባ ልጄ ዞር ሳትል «ቆይ እማዬ፣ ይቺን ብቻ» ያለችኝ ማታ ነው። በማግስቱ ነው ሆስፒታል የወሰድናት። ያ ሰዓት እንዳለ አለ፤ ማንም አልነካውም። አየዋለሁ፣ ከዚያ እከፍተዋለሁ፣ ሥራዬን እጀምራለሁ። ስጨርስ አትሜ እዘጋለሁ። በማግስቱም እዚያው አለ።

ወረቀቱ እስካለኝ ድረስ ምን ቸገረኝ? ሁሉንም ገጽ እያተምኩ ሰብስቤ ለማተሚያ ቤቱ እሰጣለሁ።


ቅዳሜ 14

ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ያተምኳቸውን ገጾች በካርቶን መሐል አድርጌ፣ በፍላሿ ደግሞ የእነዚያኑ አሥር ገጾች ፒዲኤፍ ይዤ። ፒዲኤፍ ማለት ገጹ እንዳለ የሚጓዝበት ፋይል ነው፤ ነጌ በስልክ እየነገረኝ ነው የሠራሁት።

ባለማተሚያው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ልጄን ያውቋታል። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሥራ ገቡ፤ ለዚህ ወደድኳቸው።

ወረቀቶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። «እህቴ፣ ይህ አይሆንም። የቤት ፕሪንተር ቀለም ፈዛዛ ነው፤ ከዚህ ላይ ባነሳው ፊደሉ ጠጉር ያበቅላል። ፋይሉን ነው የምፈልገው።»

ፒዲኤፉን ከፈቱት። ፊደል የለም! ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። ሥዕሉ አለ፤ ድመቷ በሳጥን መሐል ተቀምጣለች።

«አይደንግጡ» አሉኝ። «ልጅዎ የምትጠቀምበት የፊደል ዓይነት እዚህ ማሽን ላይ የለም። ፒዲኤፉ ሲሠራ ፊደሉ አብሮ መታሸግ ነበረበት። እሷ አትረሳውም ነበር።» ይህን ሲሉ አፋቸውን ያዝ አደረጉ። «ማለቴ፣ እርስዎም አንዴ ከሠሩት አይረሱትም።»

ከዚያ ዋናውን ነገሩኝ። መጽሐፉ ሙሉውን፣ ስድሳ አራቱም ገጽ፣ ተስተካክሎ በአንድ ፒዲኤፍ መምጣት አለበት። በቁርጥራጭ አይቀበሉም፤ ሉህ ሲታጠፍ የገጹ ተራ ይዛባል።

መንገድ ላይ ለነጌ ደወልኩ። ፒዲኤፍ ሲሠራ ፊደሉን የሚያሽገው ምልክት የት እንዳለ ነገረኝ። እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን። እንግዲህ በአንድ ቀን እሠራዋለሁ። ጠዋት ተነስቼ ሳልዘጋው እስከ መጨረሻው፤ ፒዲኤፉን ሠርቼ ከዚያ እዘጋዋለሁ። ይቻላል።


እሑድ 15

ነገ እህቴ ትመጣለች፤ ከሰው ጋር አይሆንም። ማክሰኞ ነው የማደርገው። ልብስ አጠብኩ፣ ዳቦ ገዛሁ፣ ለሁለት ቀን የሚሆን ምስር ቀቀልኩ። ለረጅም መንገድ የምነሳ ነው የምመስለው።


ማክሰኞ 17፣ ማታ

ሳይነጋ ተነሳሁ። ባሌ ገና አልወጣም ነበር፤ ሻይ በር ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

እስከ ምሳ ገጽ ሃያን አለፍኩ። ምሳ አልበላሁም። ሃያ አንድ ላይ አንድ ሰውዬ ደብዳቤ ያነባል፤ የታችኛው መስመር «ልጅህ ደህና ናት» ይላል። ገፋሁት፣ ወጣ። ሃያ አምስት። ሃያ ስምንት። ወገቤን አመመኝ፤ ቆሜ ሠራሁ። ወደ ኋለኞቹ ገጾች ሄጄ ስንት እንደቀረኝ ልይ ብዬ አሰብኩና ተውኩት። መጽሐፍ ከፊት ነው የሚሠራው። ለመጨረሻው ገጽ ምን አስቸኮለኝ?

ሠላሳ አንድ የገበያው ሥዕል ያለበት ነው፤ ገጹን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትልቅ ሥዕል። ላሳንሰው ስይዘው ማውሱ ቆመ። ጠበቅሁ። ስክሪኑ ነጣ። ጠበቅሁ። አስታውሳለሁ፣ «ቀስ ብለህ፣ አይዞህ፣ ቀስ ብለህ» እያልኩት ነበር፤ ኮምፒውተሩን። ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱን ዘጋ። ምንም አልጠየቀኝም። መልሼ ስከፍተው «ያልጨረስሽው ሥራ አለ፣ ላምጣልሽ?» ዓይነት ነገር ጠየቀኝ መሰለኝ፤ እጄ ለምዶ አይ አለው።

ገጽ አንድ ተቆርጧል። ገጽ ሁለት ተቆርጧል።

ከስሙ ጎን ቀኑን አየሁት። አለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ባሌ ገብቶ ከኮሪደሩ «ስንት ደረስሽ?» አለ። ወደ በሩ ቀረብ አለ። የእግሩን ድምፅ እሰማለሁ። «ነገ አውቶቡሱ ጋራዥ ነው፣ እቤት ነኝ» አለ። ጋራዥ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለሰው ብናገረው አብዳለች ይለኛል ወይም ያለቅስልኛል፤ ሁለቱንም አልፈልግም። መጽሐፉን እፈልጋለሁ። ደግሞ ያንን ሰዓት እፈልጋለሁ። ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ አቃተኝ። ሾርባውንም ያን ማታ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ «አሁን ብዪ» ብላት... በቃ። ይህን መጻፍ ለኮምፒውተሩ አይጠቅምም።


ረቡዕ 18

አልከፈትኩትም።

መምህርቷ ደወለች። ሌላ ገጽ አቀናባሪ አግኝታለች፤ በአራት ቀን ከመጀመሪያው ሠርቶ እንደሚጨርስላት ነግሯታል። «እትዬ፣ እርስዎን ላስጨንቅ አይደለም። ተማሪዎቼ ግን ፎቶ ኮፒ እያነበቡ ዓይናቸው ጠፋ። አንዷ አትክልት ነጋዴ ናት፣ ‹ዘንድሮ መጽሐፍ አለ ብለሽናል› እያለች ቁም ስቅሌን አሳየችኝ።»

«ሃያ አምስት ብለሽኛል» አልኳት።

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ ሃያ አምስት ይድረስ።»


ሐሙስ 19

ነጌ ሳልጠራው መጣ። ባሌ ነው የደወለለት። አንድ ሳጥን ሙሉ መሣሪያ ይዟል፤ ቫይረሱን እስኪይዝ እንደማይሄድ ነገረኝ።

«አሁን እኔ እያየሁ አንድ ገጽ ይሥሩ» አለኝ።

ገጽ አንድን ሠራሁ። ከጎኔ ሆኖ «ኧረ እማማ፣ እጅዎ! እኔ እንዲህ አልሠራም» አለ።

«አሁን ይዝጉት።»

ማውሱን ወደ መዝጊያው ወሰድኩት። ጥያቄው መጣ። የሠራሽውን ላስቀምጥ? አዎ፣ አይ፣ ተዪው። እጄ ቆመ። ነጌ ከጎኔ ይተነፍሳል። አይ የሚለውን ነካሁ።

ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሴቭ አላደረጉም እኮ» አለ።

«አላደረግሁም።»

«ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም።»

ወደ ስክሪኑ አየ። ፋይሉ ከነስሙ ከነቀኑ እዚያ ተዘርግቷል። ጣቴን በቀኑ ላይ አደረግሁለት። ሴቭ ባደርግ ኖሮ ይህ በዛሬ ቀን ይለወጥ ነበር። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ሳያደርገው ያዘው።

«እኔ ደግሞ ቫይረስ እላለሁ» አለ። «ፎርማት እላለሁ! ቂል!»

«ምን ታውቃለህ።»

«እማማ፣ ለዚህ እኮ መላ አለው። ፋይሉን ኮፒ እናደርገዋለን። ይሄኛው እንዳለ ይቀመጣል፤ እርስዎ ሌላውን ይሠራሉ፣ ሌላውን ሴቭ ያደርጋሉ። ይሄን ማንም አይነካውም። ደግሞ በሌላ ዲስክ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም አይጠፋም።»

ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ይህን ሁሉ ቀን ሰው ብጠይቅ ኖሮ! ግን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ጥያቄውን ስናገረው ምን ይመስል ነበር?

አሁን ከስሩ ሌላ ስም አለ፤ ከጎኑ የዛሬ ቀን አለ። ነጌ ሻይ ጠጥቶ ሲሄድ በር ላይ ዞር ብሎ «በየገጹ ሴቭ ያድርጉ። ነገ መጥቼ አያለሁ» አለ። «የእውነት ነገ» ሲል ጨመረበት።


ዓርብ 20

ገጽ አንድ እስከ አሥራ ስምንት። ሴቭ።

የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ከብዶኝ ነበር። ከዚያ በየገጹ ስለሆነ ረሳሁት።

ነጌ መጣ። የእውነት።


ቅዳሜ 21

ጠዋት ስከፍተው ትናንት የሠራሁት እንደሠራሁት አለ። እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ገጽ አሥራ ዘጠኝን ቀጠልኩ እንጂ ወደ አንድ አልተመለስኩም። እስከ ሠላሳ። የገበያውን ሥዕል ከመንካቴ በፊት ሌላ ሌላውን ሁሉ ዘጋሁለት፤ ነጌ ያስተማረኝ ነው፤ አሁን አልቆመም።

ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።

እህቴ መጣች። ከኋላዬ ቆማ ብዙ አየች። «ይሄን ሁሉ የሳለችው እሷ ናት?» አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምንም ሌላ አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ብዙ ነው።


ሰኞ 23

ይህን በጥንቃቄ ልጽፈው።

ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ስደርስ እንደተለመደው መጀመሪያ ወደ ገጹ ግርጌ ወረድኩ፤ የተቆረጠውን መስመር ልፈልግ። ሥዕሉ አንሷል። ርዕሱ ከፍ ብሏል። ጽሑፉ ብቻ ወደ ታች እንደወረደ ቀርቷል። እኔ አልነካሁትም። እኔ ሠላሳ ስምንት ላይ ደርሼ አላውቅም።

ወደ ሠላሳ ዘጠኝ አለፍኩ። አልተቆረጠም። አርባ። አልተቆረጠም። ሃምሳ። እየዘለልኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ ስድሳ አራት። ሁሉም ተገፍቷል፣ ሁሉም ተስተካክሏል፣ የታችኛው መስመር ሁሉ በቦታው ነው።

ከኋላ ነበር የጀመረችው። ሁሌም ከኋላ ነበር የምትጀምረው! ከፊት ሳነብ ታሪኩ ይወስደኛል፣ ስህተቱ ያመልጠኛል ትል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ከጀርባው ይጀመራል?» እያልኩ ስቄባታለሁ። እንዴት ረሳሁት?

ያን ማታ ከመጨረሻው ተነስታ ወደ እኔ እየመጣች ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ ከአንድ ጀምሬ፣ በየቀኑ ጥዬው። ያን ማክሰኞ ሰባት ገጽ ነበር የቀረኝ።

«ቆይ እማዬ፣ ይቺን ብቻ» ያለችኝ ይቺን ነው። ሠላሳ ስምንትን።

ሥዕሉን ሠርታዋለች። ርዕሱን ሠርታዋለች። የጽሑፉ ሳጥን ቀርቷት ነበር። ያዝኩት። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ገፋ አደረግሁት። ልክ ገባ፤ ቦታውን ትታለት ነበር።

ሴቭ።

ባሌ ከሥራ መጣ። ከኮሪደሩ «ስንት ደረስሽ?» አለ።

«ተገናኘን» አልኩት።

«ከማን?»

«ናና እይ» አልኩት። የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ። ከኋላ ወደ ፊት አሳየሁት፤ ይሄ የእሷ፣ ይሄ የእሷ፣ ይሄ የሁለታችን፣ ከዚህ በላይ የእኔ። ልዩነቱን ማየት አልቻለም። እኔም ባላውቅ ኖሮ አላየውም ነበር።

«የትኛው መስመር ነበር የቀረው?» አለኝ። አሳየሁት። ሹፌር ስለሆነ ምልክት ማንበብ ይፈጥናል፣ መጽሐፍ ማንበብ ግን ይዘገያል። በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሁለት ጊዜ።


ማክሰኞ 24

ፒዲኤፉ ተሠራ። ፊደሉ ታሽጓል፤ ምልክቱን ሦስት ጊዜ አየሁት። ነጌ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ «አንድም ሳጥን የለም፣ እማማ! ድመቷም አለች!» ብሎ በስልክ ጮኸ።

ለመምህርቷ ደወልኩ። «ሃያ አራት ነው» አልኳት። «ለአትክልት ነጋዴዋ ራስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔን አታምነኝም» አለች።


ረቡዕ 25

ማተሚያ ቤት። ባሌ ፈረቃ ቀይሮ አብሮኝ መጣ፤ እዚያ ለምን እንደሚቆም ሳያውቅ በር አጠገብ ኮፍያውን ይዞ ቆመ።

ባለማተሚያው የመጀመሪያውን ሙሉ ሉህ አውጥተው በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ። ገጾቹ በሉሁ ላይ አንዱ ቀና፣ አንዱ ተዘቅዝቆ ነው የሚቀመጡት፤ ሲታጠፍ ነው ተራ የሚይዙት። ዞሬ ዞሬ አየሁ። የእያንዳንዱን ገጽ ግርጌ በጣቴ ነካሁ። አንድ ቦታ ላይ ነጥብ ጠፍቶ መሰለኝና ደነገጥኩ፤ ቀና ብዬ በብርሃን ሳየው አለ።

«እንግዲህ» አሉ፤ እስክሪብቶ ሰጡኝ። «እዚህ ጥግ ላይ ‹ይታተም› ብለው ይፈርሙ። ያለ ፊርማ ማሽኑን አላስነሳም። እሷንም እንዲሁ ነበር የማስፈርማት።»

«የእኔ ፊርማ ይበቃል?»

«ያየው ሰው ነው የሚፈርመው። እርስዎ አላዩትም?»

አይቼዋለሁ።

ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ይታተም። ከስሩ ስሜን።

ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ከእግሬ ስር ተንቀጠቀጠ። ባሌ ከበሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሉሁ እየተከታተለ ይወርዳል፤ ባለማተሚያው ከመሐል አንዱን መዝዘው ሰጡኝ። ወረቀቱ ሞቅ ይላል።